የምን ቁልፍ?

የሥራዬ የመጨረሻ ቀን አዲሱ የአስተዳደር ሠራተኛ ወደ እኔ መጥቶ፣ «እማማ፣ ቁልፍ ማስረከብ እንዳይረሱ» አለኝ። «የምን ቁልፍ?» አልኩት። ሃንጋሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ከመጣ ብዙም ስላልቆየ ምን እንዳሳቃቸው አልገባውም። ያልሳቅነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አንዷ እኔ፣ ሌላው ለስንብቴ ብለው ከአዲጋላ ድረስ የመጡት አዴር ዑመር። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ለአክብሮት ሁላችንም እንደዚያ እንጠራቸዋለን። ኩራት ይዞን አይደለም ያልሳቅነው። ያ ጥያቄ አንድ ቀን መጠየቅ ሲገባው ሳይጠየቅ ቀርቶ ያመጣብንን ስለምናውቅ ነው።

ስሜ ጽጌ ይባላል። ዕድሜዬን የጨረስኩት አውሮፕላን ስጠግን ነው። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ እጄን ያያል፣ ቀጥሎ «ታበሪያለሽ?» ይለኛል። አላበርም። የሚያበሩት በሰላም እንዲመለሱ ከታች ተጋድሜ ብሎን የማጠብቅ ሰው ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የወንድሜ ልጆች «ጻፊው እንጂ» እያሉ ነዘነዙኝ። እነሱ የፈለጉት ስለ አውሮፕላን ነው። እኔ ግን ስለ አውሮፕላን የማውቀው ሁሉ የሚጀምረው ከዕቃ ማስቀመጫ ስለሆነ፣ የምጽፈውም ስለ ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ያልተመቸው ይዝለለው።

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ዘይት ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ የድሮ ወታደር ነበሩ። መሣሪያቸውን በጥይት ሳጥን ቆልፈው ያስቀምጡ ነበር። ከሳቸው ካቻቪቴ ለመዋስ ሰው አማላጅ ይልክ ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም። መሣሪያቸው አይጠፋም፤ ግን ሰው የሚያስፈልገውን አጥቶ በማይሆን ዕቃ ይሠራል፣ የዳዶው ጠርዝ ይላጣል፣ እሳቸውም ይሳደባሉ። ቀጥሎ ድሬዳዋ ተመደብኩ። የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላኖች ነበሩ። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ደግሞ የወረቀት ወዳጅ ነው፤ ለፊርማ የሚሞት፣ መሣሪያውን ግን በአንድ ትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ድንች ከምሮ የሚያስቀምጥ። ማታ ማታ «ሙሉ ነው» ተብሎ ይፈረማል። ሙሉው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ጎድሎ አያውቅም።

ስለ ደመወዜ ብዙ የምለው የለኝም። ቤት አሠርቶኛል እንዳልል ቤት የለኝም፤ አስርቦኛል እንዳልል ደግሞ የምታዩኝ ወፍራም ነኝ።

ጅጅጋ የሄድኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ካየችው ሁከት ገና እየተረጋጋች ነበር። እህቴ «ሌላ አገር ጠፍቶ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ድርጅቱ ትንሽ ነው። ጥቂት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ነርስ፣ መድኃኒት፣ በሽተኛ፣ አንዳንዴም የአገር ሽማግሌ ያመላልሳሉ። ሃንጋራችን ከጣሪያ በቀር ሁሉም ነገር የጎደለው ነበር። ነፋሱ ከሜዳው አቧራ ጠርጎ ያመጣል፤ ጠዋት የወለወልነው ዕቃ ከቀትር በፊት ቡናማ ይሆናል። ከሃንጋሩ ጎን አንድ የመርከብ ኮንቴይነር ተቀምጧል። የዕቃ ክፍላችን እሱ ነበር፤ የአዴር ዑመር ግዛት።

አዴር ዑመር የጥገናው ኃላፊ ናቸው። ከድሬዳዋ ወዲያ ባቡሩ መስመር ላይ ያለችው የአዲጋላ ልጅ፣ አባታቸው የድሮው ባቡር ሠራተኛ። እሳቸውም በልጅነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ ጀምረው፣ በኋላ አውሮፕላን ተምረው፣ ብዙ አገር ዞረው የመጡ ናቸው። ትሑት አልነበሩም። ስለ መሣሪያዎቻቸው ሲያወሩ ሰው ስለ ግመሎቹ የሚያወራ ይመስላል። የሠሩትን ሥራ ሌላ ሰው እስኪያመሰግናቸው አይጠብቁም፣ ራሳቸው ያመሰግኑታል። ግን የሚመሰገን ሥራ ነበር።

የኮንቴይነሩን ግድግዳ በሙሉ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው፣ በላዩ ላይ የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በቢጫ ስለውበታል። መዶሻው የመዶሻ ጥላ አለው፤ ፒንሳው የፒንሳ። መሣሪያው ሲነሳ ቢጫው ባዶውን ያፈጥጥብሃል። ትንንሾቹ ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ ናቸው። ስፖንጁ በየመጠናቸው ተቆርጦላቸው ተቀምጠዋል፣ ከጎደለ ጉድጓዱ ይታያል። እያንዳንዳችን ቁጥር የተቀረጸባቸው የናስ ምልክቶች ነበሩን። ዕቃ ስታነሳ ምልክትህን በቦታው ትሰቅላለህ። ዕቃው ሲመለስ ምልክቱ ወደ አንተ ይመለሳል። ቢጫው ጥላ ላይ የማን ቁጥር እንዳለ አይቶ ዕቃው ማን እጅ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጡም። ትሪ ላይ ያስቀምጡና አንቺ ታነሺዋለሽ። «ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ዕቃ ባለቤት የለውም፤ ሰጪው ሰጥቻለሁ ይላል፣ ተቀባዩ አልያዝኩም ይላል» ይሉ ነበር። አዲስ ቱታ ሲመጣ ደግሞ ማንም ከመልበሱ በፊት ሰብስበው ገበያ ይወስዱትና የደረት ኪሱን አፍ በልብስ ሰፊ አሰፍተው ያዘጉታል። ጎንበስ ስትል ከደረት ኪስ እስክሪብቶ ይወድቃል፣ ሞተር ውስጥ ይገባል። እኔ መጀመሪያ ቀን ተናድጄ «መነጽሬን የት ላድርገው?» ብላቸው «አፍንጫሽ ላይ» አሉኝ። የጥብቀት መለኪያ ያለው ማጥበቂያ ሥራው ሲያልቅ መለኪያው እስከ ታች ካልተፈታ አይቀበሉም፤ ውጥረት ላይ ያደረ መለኪያ በማግስቱ ይዋሻል። የሚሊሜትር መሣሪያ ደግሞ ከኮንቴይነሩ ደጃፍ አያልፍም። የኛ አውሮፕላኖች በኢንች የተሠሩ ናቸው፣ የከተማው ጋራዥ በሚሊሜትር። አንዳንዱ ልኩ ተቀራርቦ ይገባል። ገባ ማለት ግን ልኩ ነው ማለት አይደለም፤ ሲዞር የዳዶውን ጠርዝ ይበላዋል። አንድ ባለ ባጃጅ ዕቃ ለመዋስ በመጣ ቁጥር ሻይ ጋብዘው በባዶ እጁ ይሸኙት ነበር። ሰውዬው በኋላ በኋላ የሚመጣው ለሻዩ ሆነ።

ከሁሉ በላይ የሚሉት ግን ይህን ነው፤ «ዕቃ በዓይን እንጂ በጆሮ አይቆጠርም።» አውሮፕላን ከመዘጋቱ በፊት ጠጋኙ ራሱ እስከ ሰሌዳው ሄዶ ቢጫው መሸፈኑን ማየት አለበት። ሰው «ተመልሷል» ብሎ ቢነግርህ አይበቃም።

አሁን ስለ አንድ ቃል ልንገራችሁ። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ የጣሊያን ነው፤ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ። የሶማሊኛውም እንደዚያው ነው፤ እነሱ ካሻዊቶ፣ ቢንሶ ይላሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሳንቸገር ተግባብተናል። የተለያየነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ብሎን የሚፈታውን ብረት እኛ ከመሃል አገር የመጣነው ቁልፍ እንለዋለን። ሶማሌዎቹ ኪያዌ ነው የሚሉት። አዴር ዑመር አማርኛ ሲናገሩም ኪያዌ ነበር የሚሉት። «ቁልፍ የበር ነው» ይሉናል፣ እንስቃለን። በአማርኛ የበሩም ቁልፍ ነው፣ የመኪናውም ቁልፍ ነው፣ የሸሚዙም ቁልፍ ነው፤ ሰው ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል እንጂ ማን ግራ ይገባዋል ብለን ነበር።

የበር ቁልፍ ካነሳሁ አይቀር፣ የኮንቴይነሩ ቁልፍ የግቢው መቀለጃ ነበር። አዴር ዑመር ሲሄዱ ዕቃ ክፍሉን የሚረከበው ተሾመ የሚባል የነዳጅ መኪናችን ሹፌር ነው። ደግ ሰው ነው፣ ቁልፍ ግን እጁ ላይ አይበረክትም። አንዴ መኪናው ውስጥ፣ አንዴ ሻይ ቤት፣ አንዴ ጫማው ውስጥ ተገኝቷል። አዴር ዑመር በመጨረሻ ከኮንቴይነሩ በር ጀርባ ሚስማር መትተው፣ «ከዚህ ሚስማር ወይም ከአንገትህ ሌላ ቦታ እንዳላየው» አሉት።

እንግዲህ ያ ቀን። የዝናቡ ወራት ነበር። አዴር ዑመር ታላቅ እህታቸው ታማባቸው ከጥቂት ቀናት በፊት አዲጋላ ሄደዋል። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገቻቸው ይህች እህታቸው ናት፤ ሃዋ ትባላለች። ጠዋት ከጤና ቢሮ ስልክ መጣ። የሃዋ ሕመም ትርፍ አንጀት ነው፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች ትሞታለች ተባለ። ከአዲጋላ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል፣ የባቡሩም ቀን አይደለም። ከመንደሩ አጠገብ ያለው ጠፍጣፋ ሜዳ ግን ደረቅ ነው፤ አውሮፕላን ያርፍበታል።

ግቢ ውስጥ የነበረው አንድ አውሮፕላን ብቻ ነው፣ እሱም ምርመራ ላይ። እኔ ሞተሩን ይዣለሁ። ዳዊት የሚባል ናዝሬት ጋራዥ ውስጥ ያደገ ጎበዝ ጠጋኝ ደግሞ የወለሉን ክዳን ከፍቶ ወደ ጭራው የሚሄዱትን ገመዶች ያጠብቃል። በሽተኛዋ የማን እህት እንደሆነች ስለሰማን ሁላችንም መሮጥ ጀመርን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እውነት ነው።

ተሾመ ያን ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ የኮንቴይነሩን ቁልፍ ጥሎ ስንጮህበት ቆይተን ነበር። በኋላ አገኘው። ዳዊት መሣሪያውን በትሪ እየላከ ወለሉን ለመዝጋት ሲዘጋጅ በእጅ ሬዲዮ ተሾመን ጠየቀው፤ «ቁልፉ ተመልሷል?»

«ተመልሷል፣ ሚስማሩ ላይ ነው» አለ ተሾመ።

እኔም ሰምቻለሁ። መልሱ እንከን አልነበረውም። መሣሪያዎቹም የሚሰቀሉት ሚስማር ላይ ነው። ዳዊት ወለሉን ዘጋው። እኔ ሞተሩን ጨርሼ ፈረምኩ። አብራሪውና አንዲት ነርስ ገቡ፣ አውሮፕላኑ ተነሳ። ወደ ሰሜን ሲዞር እጃችንን አውለበለብን።

ከዚያ የያዝኩትን ማጥበቂያ ልመልስ ወደ ኮንቴይነሩ ሄድኩ። መለኪያውን እስከ ታች ፈትቼ በቦታው ሰቀልኩና ዓይኔ ወደ ጎን ዞረ። አንድ ቢጫ ጥላ ባዶ ነው። የዳዊት ቁጥር ተሰቅሎበታል። በሩ ጀርባ ደግሞ ሚስማሩ ላይ የኮንቴይነሩ ቁልፍ በሰላም ተንጠልጥሏል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የሆነው ሁሉ በአንዴ ገባኝ። ዳዊት የጠየቀው ስለ ብሎን መፍቻው፣ ተሾመ የመለሰው ስለ በሩ ነው።

ዳዊትን ጠራሁት። ሰሌዳውን አይቶ ትሪውን ገለበጠ፣ ሳጥኑን በረበረ፣ አውሮፕላኑ ቆሞበት የነበረውን ወለል በጉልበቱ እየሄደ ፈለገ። ተሾመም ተቀላቀለ። አልተገኘም።

«ኤዶ፣ እባክሽ ትንሽ እንፈልግ» አለኝ ዳዊት። ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ ግቢው ያወጣልኝ ስም ነው። «ምናልባት ሣር ላይ ወድቆ ይሆናል። አዴር እዚያ ሜዳ ላይ እየጠበቁ እኮ ነው።»

እኔስ የማላውቅ ይመስል። ሜዳው ላይ ሆነው ሰማዩን ሲያዩ ይታዩኛል። በዕድሜዬ እንደዚያን ጊዜ አንድ ዕቃ ሣር ላይ ወድቆ እንዲገኝ ተመኝቼ አላውቅም። ግን ያልተገኘ ዕቃ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ይህን ያስተማሩኝ እዚያ ሜዳ ላይ የሚጠብቁት ሰው ራሳቸው ናቸው። ወደ ሬዲዮው ሄድኩና አብራሪውን ጠራሁት። የጎደለ መሣሪያ አለ፣ ተመለስ አልኩት። አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ «እመለሳለሁ» አለ።

ቀጥሎ አዴር ዑመር ጋ ደወልኩ። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ነፋስ ይሰማል። «አዴር፣ አውሮፕላኑ አሁን አይደርስም። ቁልፍ ጠፍቶብን ነው» አልኩ። «ምን?» አሉ። «ቁልፍ ጠፍቶ…» ብዬ ሳልጨርስ ስልኩ ሞተ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ዝናቡ የዚያን አገር ኔትወርክ ወስዶት ነበር።

አውሮፕላኑ አረፈ። ዳዊት ወለሉን ከፈተው። በባትሪ አበራሁ። ዕቃው ወለሉ ሥር፣ የጭራው ገመድ ከሚዞርበት መዘውር አጠገብ ተጋድሟል፤ ጫፉ መዘውሩን ሊነካው ትንሽ ነው የቀረው። አየሩ አንዴ አውሮፕላኑን ቢያንገጫግጨው ኖሮ ይገባና ገመዱን ይይዘዋል። ያኔ አብራሪው የቱንም ያህል ቢስብ ጭራው አይታዘዝለትም። ዳዊት ዕቃውን አውጥቶ ከአውሮፕላኑ ወረደ።

እንደገና እናንሳ ስንል ደመናው ተራራው ላይ ወርዷል፣ መንገዱን ሁሉ ዘግቶታል። አብራሪው ቆሞ ሲጠብቅ ዋለ። ሰማዩ አልተከፈተም። ጠዋት በመጀመሪያው ብርሃን ሄደ። ሲመለስ ከነርሷ በቀር ማንም አልነበረም። ሃዋ ሌሊቱን አርፋለች። አዴር ዑመር ወደ አውሮፕላኑ መጥተው፣ አብራሪውን ስለ ድካሙ አመስግነው፣ አንድ ነገር ሳይጠይቁ ተመልሰው ሄዱ አለን።

ለቅሶ ለመድረስ በድርጅቱ መኪና ሄድን። ካራማራን ወጥተን፣ በሐረር አልፈን፣ ድሬዳዋ አድረን፣ ውሃው ጎደል ሲል ሽንሌን አልፈን አዲጋላ ገባን። አዴር ዑመር ምንጣፍ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። ለሁሉም ሻይ በእጃቸው ቀዱ። ለኔም ቀዱልኝ፣ ግን አላዩኝም። ስንነሳ እንደ አገሩ ወግ «ሳሚር ኢዮ ኢማን» አልኳቸው፤ ትዕግሥትና እምነት ይስጥዎ ማለት ነው። «አሚን» አሉ፣ ለምንጣፉ። በመንገድ ላይ ዳዊት አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ተቀይሜያለሁ ማለት ግን ይቻላል። አውሮፕላኑን በማስመለሴ ከጠሉኝ ይጥሉኝ፣ ግን ከሳቸው የተማርኩትን ነው ያደረግሁት እያልኩ በሆዴ ስከራከራቸው ጅጅጋ ደረስን።

ሐዘኑ አልፎ ሥራ ሲመለሱም አላናገሩኝም። የመጀመሪያው ቀን ኮንቴይነሩ ጋ ደርሰው ወዲያው አልገቡም። በሩን ዘግተው፣ መቆለፊያውን፣ ማጠፊያውን፣ ጠርዙን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ተሾመን «ይህ በር ተነክቷል?» ብለው ጠየቁት። «ኧረ ምንም አልሆነም» አላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። ምን እየፈለጉ እንደሆነ አልገባንም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ ዳዊትን ከሥራ አግዶት ነበር፤ ደብዳቤው «ቁልፍ በማጥፋት» ከማለት በቀር አይዘረዝርም፤ ሊያባርረው የአዴር ዑመርን ቃል ብቻ ይጠብቃል። እሳቸው ደግሞ ዝም። ልጁ ሊጠይቃቸው ይፈራል። ቤት ተከራይቶ፣ ሚስቱን አምጥቶ፣ ገና ሕይወት መጀመሩ ነው። ግቢ በር ላይ ይመጣና ቆሞ ይመለሳል።

አንድ ቀን እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻቸውን ዕቃ ሲወለውሉ ገባሁና፣ አዴር፣ የተቆጡት በኔ ከሆነ በኔ ይጨርሱት፣ ልጁን ግን አንድ ነገር ይበሉለት አልኳቸው። ጨርቁን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

«በር አይሰበርም ነበር?» አሉ።

«የምን በር?»

«ይህ በር። አባዮ፣ እህቴ ሜዳ ላይ አንሶላ ላይ ተኝታለች። ጥላ ይዤላታለሁ። አንቺ ደውለሽ ቁልፍ ጠፋ ትያለሽ። ለእኔ እህት ሲባል አንድ የቆርቆሮ በር አትሰብሩም?»

ይህን ሁሉ ጊዜ ይዘውት የከረሙት ይህንን ነው። ተሾመ እንደ ልማዱ የኮንቴይነሩን ቁልፍ ጥሎ፣ እኛም ደጃፉ ላይ ቆመን ስንፈላለግ፣ አውሮፕላኑ ከነጭራሹ ሳይነሳ የቀረ መስሏቸዋል። እህታቸውን የቀበሩት በዚያ ሐሳብ ነው። ያንን ላሰቡበት ሰው ሻይ ቀድተውለታል።

«ኪያዌ ነው፣ አዴር» አልኳቸው። «የጠፋው ኪያዌ ነው። የበር አይደለም። አውሮፕላኑ ተነስቶ ነበር፤ ከአየር ላይ ነው የመለስነው።»

ከሐዘንተኛው ሥር ባለሙያው ብቅ አለ። «የት ነበር?»

«ወለሉ ሥር። የጭራው መዘውር ጥግ።»

«ተነካክቷል?»

«ትንሽ ቀርቶት ነበር።»

«ሰው ተሳፍሮ ነበር?»

«አብራሪውና ነርሷ።»

መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። «አብራሪውን ተመለስ ያለው ማነው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉ፣ እንደገናም «ደግ አደረግሽ፣ አባዮ።» አባዮ እህት ማለት ነው። ቀድሞም ይሉኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሌላ ነው። ከዚያ ሃዋን እያነሱ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ የኔ ለቅሶ የወጣው ያኔ ነው።

ዕለቱን ዋናው ቢሮ ጋ ደወሉ። ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። «እሱን ካባረራችሁት ገና ያልረሳ ሰው ትልኩልኛላችሁ። እኔ የምፈልገው ረስቶ ያየውን ነው» አሉ። ዳዊት ተመለሰ። ሲመለስ ሰሌዳው ላይ ያ ኪያዌ እንደ ቀድሞው ተሰቅሎ አገኘው። ተሾመ «ይህ ዕቃ ገደ ቢስ ነው፣ ይጣል» ብሎ ነበር። አዴር ዑመር ግን ወልውለው ሰቅለውታል። «ጥፋቱ የሱ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በኛ ግቢ ብሎን የሚፈታ ነገር ቁልፍ ተብሎ አልተጠራም። ቁልፍ ያለ ሰው «የምን?» ይባላል። የበር ካልሆነ ለግቢው በሙሉ ሻይ ይገዛል፤ የወተት ሻህ፣ ከነሳምቡሳው። የአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ሳይቀሩ ገዝተዋል። አንበጣው በመጣበት ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጡ የመርጫ አውሮፕላን ጠጋኞች ከኛ ጋር ሲሠሩ፣ ሻይ ቤቱ በነሱ ብቻ ሰንብቷል። ሰው ይስቃል። ሳቁን አልጠላውም፤ እየሳቁም ቢሆን ቃሉ ተለምዷል። አሁን አማራውም፣ ኦሮሞውም፣ ጉራጌውም ኪያዌ ይላል።

አዴር ዑመር ከኔ ቀድመው ጡረታ ወጡ፤ ቦታቸውን እኔ፣ የኔን ደግሞ ዳዊት ያዝን። ሰሌዳውን ሁለቴ ቀለም አድሼዋለሁ፤ ቅርጾቹን ግን አልነካሁም፣ እሳቸው በሳሉት ላይ ነው የሄድኩት። የደረት ኪስም አሰፍቼ አዘግቻለሁ። አንዷ አዲስ ልጅ ተናድዳ ስልኬን የት ላድርገው ስትለኝ ምን እንደመለስኩላት መናገር አያስፈልግም።

ወደ ስንብቱ ቀን ልመለስ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ተጨበጨበ፣ የአስተዳደሩ ልጅ ቁልፍ ያስረክቡ አለኝ፣ የምን አልኩት፣ ተሳቀ። ከአንገቴ ላይ የኮንቴይነሩን ቁልፍ ከነክሩ አወጣሁና ለዳዊት ትሪ ላይ አስቀመጥኩለት። አነሳው። አዴር ዑመር ምርኩዛቸውን ይዘው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከጠዋት ጀምሮ ብዙም አልተናገሩም።

የአስተዳደሩ ልጅ ሥራውን አክባሪ ነው። «ትርፍ ቁልፍ አለው?» ብሎ ጠየቀ። «ይሄኛው ቢጠፋስ?»

«ምኑ?» አሉ አዴር ዑመር።

«የበሩ ቁልፍ።»

«የበሩ ከሆነ ይጥፋ» አሉ። «በር ይሰበራል።»

እኔና እሳቸው ሳቅን፤ እንባችን እስኪመጣ ድረስ። ሌሎቹ ምን እንዳሳቀን ስላልገባቸው እርስ በርስ ተያዩ። ዳዊት ገብቶታል፣ ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ኪያዌዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ይቆጥር ጀመር።